የወረቀቱ ልክና የሰውየው ልክ
ስለ አንድ ሸሚዝ የቀረበ ሂስ

አማርኛችን «ልክ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ መጠንንም፣ እውነትንም። ልብስ ሰፊው «ልክህን ልውሰድ» ሲል ስለ ሳንቲ ሜትር መናገሩ ነው፤ ሽማግሌው «ነገሩ ልክ ነው» ሲል ስለ ፍርድ መናገሩ ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ማደራቸው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ያልተለካ ነገር ልክ መሆኑ አይታወቅምና። የሂስም ተግባር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አንድን ሥራ ከተነሣበት ዓላማና ከሚያገለግለው ሰው ጋር አስተያይቶ መለካት። በዚህ ጽሑፍ የሚለካው ሥራ ግጥም ወይም ተውኔት አይደለም፤ ሸሚዝ ነው።

«ሸሚዝ ምን ሊሆን በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ይጻፋል?» የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከበስተኋላው ያለው አመለካከት ግን መመርመር ይኖርበታል። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው በእጁ ሥራ ሲሰደብ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ያፈሩትን ኅብረተሰቡ ሁሉ እየተገለገለበት፣ ሠሪዎቹን ግን በስም ሲያዋርዳቸው ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ያመለክታል፤ የሌለ ስድብ በአዋጅ አይከለከልምና። ስድቡ ቀርቷል ብንል እንኳ ዝምታው አልቀረም። ስለ ስንኝ አወራረድና ስለ ቤት መድፊያ ገጽ በገጽ እንጽፋለን፤ ስለ ኮሌታ አቀማመጥ የጻፈ ሐያሲ ግን ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ ይዘትና ቅርፅ የምንላቸው ሁለቱ የሂስ መመዘኛዎች በልብስ ላይ የሚሠሩትን ያህል በሌላ ሥራ ላይ በግልጽ አይታዩም፤ የሸሚዝ ይዘቱ በውስጡ የሚገባው ሰው ነውና።

ሸሚዙን የሰፉት ለብዙ ዓመታት የልብስ ስፌት ሲያስተምሩ ቆይተው አሁን በጡረታ ላይ የሚገኙ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልወደዱ «መምህርቷ» እያልን እንጠራቸዋለን። የተሰፋው ለእኅታቸው ልጅ፣ ለአንድ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። የቅድ ወረቀቱን፣ ልብስ ሰፊዎች «ፓተርን» የሚሉትን፣ በአሜሪካን አገር የምትኖር ልጃቸው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገዝታ ልካላቸዋለች። በፖስታው ላይ ካለው ሥዕልና ከኮሌታው ስፋት እንደሚገመተው በ1940ዎቹ የወጣ፣ ያለ ከረባት የሚለበስ የወንድ ሸሚዝ ነው። መኪናው በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው። ጨርቁ በነጭ መደብ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመር ያለው ጥጥ ነው። እንግዲህ የሂሱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ከሰባ ዓመት በላይ በፊት በሌላ አገር ለሌላ ሰው የወጣ ቅርፅ ዛሬ የእኛን ሰው ሊያለብስ ይችላል ወይ? ከቻለስ በምን ሁኔታ?

ለዚህ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የቅድ ወረቀት ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በዩናይትድ ስቴትስ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስተርሊንግ ይኖር የነበረው ልብስ ሰፊ ኤበኔዘር በተሪክ በልዩ ልዩ መጠን የተዘጋጁ የቅድ ወረቀቶችን ለገበያ ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ከዚያ ዘመን አስቀድሞ ጥሩ ቅድ በአብዛኛው በባለሙያው እጅና አእምሮ ውስጥ የሚኖር ምስጢር ነበር። ወረቀቱ ይህን ምስጢር በርካሽ ዋጋ ለማንኛዋም የቤት እመቤት አደረሰው። ይህ ታላቅ ጥቅሙ ነው። በአንፃሩ ግን ወረቀቱ ያሰራጨው ዕውቀትን ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሰውንም አሰራጭቷል። ይህ ሰው ትከሻው የተስተካከለ ነው፤ አንገቱ 15 ኢንች ከሆነ ደረቱ ይህን ያህል፣ ክንዱ ይህን ያህል ይሆናል ተብሎ የታሰበ ነው። የትም አገር አልተወለደም፤ ሆኖም በየአገሩ በስሙ ጨርቅ ተቆርጧል።

በእጃችን ያለው ወረቀት በላዩ ምንም ጽሕፈት የለበትም። በዘመኑ ከነበሩት መካከል እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው። በስሱ ወረቀት ላይ የሚታየው ቀዳዳ ብቻ ነው። አንዱ ዓይነት ቀዳዳ የጨርቁ ድር በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ያመለክታል፤ ሌላው ጨርቁ ታጥፎ የሚቆረጥበትን ይናገራል፤ በጠርዙ ላይ ያለው ትንሽ ሰንጥቅ ደግሞ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚጋጠም ያስታውቃል። የቀረው ሁሉ ለሰፊው የተተወ ነው። የቤተ ክህነት የዜማ ምልክት ዜማውን ለተማረ እንደሚያስታውስ፣ ላልተማረው ግን እንደማይዘምርለት ሁሉ፣ ይህም ወረቀት የሚናገረው አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ቅድን መከተል ቀላል መታዘዝ አይደለም፤ ንባብ ነው።

መምህርቷ እንዴት አነበቡት? በመጀመሪያ የተዉት የአቀማመጥ ሥዕሉን ነው። ሥዕሉ የወጣው በዚያ ዘመን የተለመደው 36 ኢንች፣ ማለትም ወደ 91 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጨርቅ ሲሆን፣ እርሳቸው የገዙት ጨርቅ 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ክፍሎቹን እንደ አዲስ ደረደሩ። ድሩ እንዲከበር ግን አንዲት ጋት አላፈነገጡም፤ ድሩን የሳተ ጨርቅ ከታጠበ በኋላ ይጠመዘዛልና። ሰማያዊውን መስመር ከደረት እስከ ኪስ አጋጥመው ስለ ቆረጡት ኪሱ ከሸሚዙ ጋር አንድ ሆኖ፣ እጅ ካልገባበት በቀር መኖሩ አይታወቅም። በወረቀቱ ላይ ይህን የሚያዝ ምንም ምልክት የለም። ይህ የሰፊዋ የራሷ አስተዋጽኦ ነው።

ቀጥሎ፣ ጥሩውን ጨርቅ በመቀስ ከመንካታቸው በፊት፣ ሸሚዙን በአቡጀዲ ሰፍተው ልጁን አለበሱት። አቡጀዲው ያሳየው ነገር ለዚህ ሂስ መሠረት ነው። አንገቱ ልክ ነበር። ትከሻው ግን ልክ አልነበረም። ወጣቱ ትከሻው ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ ከአንገቱ ወደ ብብቱ የሚወርድ የጨርቅ እጥፋት ታየ። እጅጌውም ከእጁ አንጓ በላይ ቀረ። መምህርቷ የትከሻውን ዳር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ አድርገው አወረዱት፤ የብብቱንም ዙሪያ በዚያው መጠን ዝቅ አደረጉ፤ እጅጌው መግባቱን እንዳይከለክል። እጅጌውን በ4 ሳንቲ ሜትር ሲያስረዝሙም ከጫፉ ላይ አልቀጠሉም፤ ወረቀቱን ከክርን በላይና በታች ቆርጠው ትርፉን ለሁለት ከፈሉት። እንዲህ በመደረጉ እጅጌው ረዘመ እንጂ አካሄዱ አልተለወጠም።

ተውኔት ለሚያዘጋጁ ጓዶች ይህ አሠራር ባዕድ አይሆንባቸውም። የቆየ ተውኔት ወደ መድረክ ሲመጣ ሁለት ዓይነት አዘጋጅ ያጋጥመናል። አንደኛው ለጽሑፉ ካለው አክብሮት የተነሣ አንዲት ቃል ሳይነካ ያቀርበዋል፤ ተዋናዩ ግን በማይስማማው ንግግር ውስጥ፣ በሰው ልብስ እንደ ገባ ሰው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሁለተኛው ሁሉንም ቀይሮ ርእሱን ብቻ ያስቀራል። የፊተኛው ቅርፁን ያድናል፣ ይዘቱን ይገድላል፤ የኋለኛው ሁለቱንም ትቶ በስማቸው ይነግዳል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ብሂላችን የሚወቅሰው ወርቁን አይደለም፤ ሳይለካ ማጥለቅን ነው። መምህርቷ የመረጡት ሦስተኛውን መንገድ ነው። የትኛው የወረቀቱ ሐሳብ፣ የትኛው ደግሞ የወረቀቱ ሰው እንደሆነ ለይተዋል። ሐሳቡን ጠብቀው ሰውየውን ቀየሩት።

ይሁንና በአንድ ነገር ላይ ይህ ጸሐፊ ከመምህርቷ ጋር አይስማማም፤ በኮሌታው። የወረቀቱ ኮሌታ ሰፊ ነው፤ ጫፎቹ ረዝመው ከአንገት ወደ ደረት ይዘረጋሉ። የሸሚዙ ጠቅላላ አሠራር፣ የደረቱ ስፋትና የትከሻው ድርብ ጨርቅ ሳይቀር፣ ይህን ኮሌታ ለመሸከም የተዘጋጀ ነው። መምህርቷ የኮሌታውን ጫፍ በግምት በሁለት ጣት አሳጥረው ወደ ዛሬው ልማድ አቀረቡት። ውጤቱ ንጹሕ ነው፤ ጫፎቹ ሹል ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። ነገር ግን ሰፊው ደረት ከላዩ የሚመልስለት አጥቶ ባዶ ሆኗል። ትከሻው የተለወጠው አካል ስለ ጠየቀ ነው። ኮሌታው የተለወጠው ግን አንገት ስለ ጠየቀ አይደለም፤ አንገቱማ ልክ እንደነበረ አቡጀዲው መስክሯል። የተለወጠው «ሰው ምን ይላል» በሚል ነው። ለውጥ ከአካል ሲመጣ ንባብ ነው፤ ከይሉኝታ ሲመጣ ማፈር ነው።

የመምህርቷን መልስ አለመጥቀስ ግን ሚዛን ማጉደል ይሆናል። «ልጁ የማይለብሰውን ሸሚዝ ብሰፋ ለሣጥን ሰፋሁ ማለት ነው» ይላሉ። ይህ ክብደት ያለው ክርክር ነው። ያልተለበሰ ሸሚዝ፣ ያልተመደረከ ተውኔት ነው። ይሉኝታም ቢሆን የለባሹ ልክ አንዱ ክፍል ነው የሚል ሰው ፍጹም ስሕተተኛ አይባልም። ሆኖም የለባሹ ዓይን ከለባሹ ትከሻ በአንድ ነገር ይለያል፤ ትከሻ አይማርም፣ ዓይን ይማራል። ኪነ ጥበብ የዓይን መምህር ከሆነ ለዓይን ልማድ ሁልጊዜ መታዘዝ የለበትም።

ከቅዱ ወደ መኪናው እንለፍ። የእግር ሲንጀሩ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ይሰፋል። ዛሬ የተቆረጠ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚያስሩት የዚግዛግና የኦቨርሎክ ስፌቶች በእርሱ የሉም። ታዲያ ጠርዙ ምን ይሁን? መልሱ በቆየው አሠራር ውስጥ አለ። አንደኛው ጠርዝ ይጠብባል፤ ሰፊው ጠርዝ በላዩ ታጥፎ ይሸፍነዋል፤ ከዚያም ለሁለተኛ ጊዜ ይሰፋል። ድካሙ እጥፍ ነው። ነገር ግን አንድም የተቆረጠ ክር ለዓይን አይታይም። ሸሚዙን ገልብጦ ያየ ሰው ውስጡ እንደ ውጪው የጠራ ሆኖ ያገኘዋል፤ «ውስጡን ለቄስ» የሚባልለት ልብስ አይደለም። የቁልፍ ቀዳዳዎቹም በእጅ፣ በመርፌ፣ እያንዳንዱ ክር ከጎረቤቱ አጠገብ እየተቋጠረ ተሠርተዋል። ገጣሚ ስንኙ ሲገድበው ቃል እንደሚመርጥ ሁሉ፣ እዚህም የመሣሪያው ችግር የሥራው ጥራት ምክንያት ሆኗል።

ሁለተኛው የመኪናው ባሕርይ ግልጽነቱ ነው። መዘውሩ፣ ጠፍሩ፣ መርገጫው ሁሉ በዓይን ይታያሉ። መዘውሩ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይጠላለፋል፤ ስለዚህ እግር ከእጅ ጋር መስማማትን ይማራል። የላይኛው ክር ከላላ ቀለበት እየሠራ ከጨርቁ ሥር ይታያል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ የታችኛውን ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ሁለቱ ክሮች መቆላለፍ ያለባቸው በጨርቁ መካከል፣ ከላይም ከታችም በማይታይበት ቦታ ነው። መኪናው ስሕተትን አይደብቅም፤ በጨርቁ ላይ ጽፎ ያሳያል። ብዙ የሲንጀር መኪናዎች የወጡበት በስኮትላንድ የሚገኘው የክላይድባንክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል፤ ለብዙዎቹ የቆዩ የቤት ሲንጀሮች የሚሆነው የመርፌ ዓይነት ግን ዛሬም ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች የሚሸጠው ነው። ፋብሪካው አልፎ ልኩ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ብለን ግን አሮጌ ነገር አሮጌ በመሆኑ ብቻ ይመሰገን ማለታችን አይደለም። የስፌት መኪና ታሪክ የደግ ዘመን ታሪክ አይደለም። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተለሚ ቲሞኒዬ ለሠራው መኪና እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ የወታደር ልብስ የሚሰፋበትን የፓሪስ ሥራ ቤት፣ እንጀራችንን ሊቀማን ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች በ1831 ሰባብረውበታል። መኪና ያልደረሰበት ስፌትም ቢሆን ገነት አልነበረም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቶማስ ሁድ «የሸሚዝ መዝሙር» የተባለውን ግጥም እ.ኤ.አ. በ1843 «ፓንች» በተባለው መጽሔት ሲያወጣ፣ የገለጸው በእጇ ሸሚዝ እየሰፋች በድህነት የምትማቅቅ ሴት ሕይወት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1846፣ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ሁለት ክር የሚያቆላልፈውን መኪና አስመዘገበ፤ በ1851 ደግሞ አይዛክ ሲንገር ስሙ በእኛም አገር ለመኪናው መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰበትን መኪና አቀረበ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ዊለርና ዊልሰን የተባለው አምራች ባሰራጨው ሂሳብ መሠረት በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ የሚፈጀው የወንድ ሸሚዝ በመኪና 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ሂሳቡ የሻጭ ሂሳብ መሆኑ ባይዘነጋም፣ ልዩነቱ እጅግ ከፍተኛ ነው።

የተረፈው ሰዓት ግን የማን ሆነ? ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ የስፌት መኪናን በልብስ ሥራ መስክ ወሳኝ ለውጥ ያመጣ መኪና መሆኑን ገልጦ፣ በየቤታቸው በእጅ ይሰፉ የነበሩትን ድሆች ምን ያህል እንደ ጎዳ ጽፏል። ጥያቄው በዚያ ዘመን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ አገር ከተሰፉት ልብሶች አንዱ ሸሚዝ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ፣ በዚያ ገበያ የተመሠረተው የስፌት ሥራ ብርቱ ጉዳት ደርሶበታል። በእንዲህ ዓይነቱ ፋብሪካ ሥራው በየሰዉ ተከፋፍሎ፣ አንዷ ኮሌታ፣ ሌላዋ ኪስ፣ ሌላዋ የእጅጌ ጫፍ ትሰፋለች። መስመሩ ሲቆም ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ የቆየችው ወጣት ይዛ የምትወጣው ኮሌታን እንጂ ሸሚዝን አይደለም።

የመምህርቷ ሸሚዝ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። በአሮጌ መኪና በመሰፋቱ ሕዝብን አያለብስም፤ የፋብሪካን ቦታ ሊተካም አይችልም፤ እንዲህ የሚል ካለ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሸሚዝ የሚባለውን ነገር ከድሩ እስከ ቁልፉ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ሙሉ አድርጎ ያቆያል። ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ክፍሉን ሊያሻሽል ይችላል፤ ክፍሉን ብቻ የሚያውቅ ግን የታዘዘውን ከመድገም አያልፍም። በፋብሪካ ለምትሠራውም ወጣት ቢሆን ይህ ዕውቀት ቅንጦት አይደለም፤ ነገ ለራሷ የምትቆምበት ስንቅ ነው።

በየከተማችን በጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች ይህን ሙሉነት ያለ ወረቀት ጠብቀው ኖረዋል። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ይለካሉ፤ በጠመኔ በጨርቁ ላይ ያሰምራሉ፤ ይቆርጣሉ። የእነርሱ ቅድ ከሐሳባዊ ሰው አይነሣም፤ ከፊታቸው ከቆመው ደንበኛ ይነሣል። በዚህ ረገድ ከወረቀቱ ይበልጣሉ። ወረቀቱ ደግሞ በሌላ ረገድ ይበልጣቸዋል፤ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ይናገራል። አንድ የበረንዳ ልብስ ሰፊ ሲያርፍ በብዙ ሺህ ትከሻ ላይ የተማረው ትምህርት አብሮት ይቀበራል። የአሜሪካው ወረቀት ከሰባ ዓመት በላይ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ የራሳችን አባቶች ቅድ ከአንድ ትውልድ አለመሻገሩ ሊያስቆጨን ይገባል።

ስለዚህ በሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ በረንዳው ወርደው የቆዩ ባለሙያዎችን ቅድ በወረቀት እንዲያሰፍሩ፣ ሲያሰፍሩም መጠኑን ብቻ ሳይሆን ቅዱ ለምን ዓይነት ሰው እንደወጣና ለምን እንደዚያ እንደ ተቆረጠ አብረው እንዲጽፉ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ልክ ለሚቀጥለው ሰው ሰንሰለት ይሆናል፤ ምክንያቱ የተጻፈለት ግን መነሻ ይሆነዋል። የባህል ሠራተኞችም ቅርስን ስናነሣ «ይጠበቅ» ወይስ «ይለወጥ» በሚለው ክርክር ብቻ ከመመላለስ፣ መምህርቷ በአቡጀዲ ላይ እንዳደረጉት፣ በመጀመሪያ ማልበስና ማየት ይኖርብናል።

ሸሚዙ ልክ ነውን? በትከሻው ልክ ነው፤ በእጅጌው ልክ ነው፤ በውስጡም በውጪውም ልክ ነው። በኮሌታው ግን ለወረቀቱም ለአንገቱም ሳይሆን ለጎረቤት ዓይን የተሰፋ ነው። መምህርቷ የኮሌታውን ወረቀት ሳይቆርጡ፣ በሌላ ወረቀት ገልብጠው ስላሳጠሩት፣ ሰፊው ኮሌታ እንዳለ በፖስታው ውስጥ ተቀምጧል። የሚቀጥለው ሸሚዝ ሲሰፋ ክርክሩ እንደገና ይከፈታል።